ጥላ የሌለው ማቆሚያ አይፈቀድ

ድሬዳዋ ላይ ሕንፃ ለማስገንባት ዲዛይን ይዞ የሚቀርብ ሰው ከሚጠየቃቸው ነገሮች አንዱ የመኪና ማቆሚያ ነው። ስንት መኪና እንደሚይዝ፣ መግቢያና መውጫው በየት በኩል እንደሆነ፣ መኪናው የት ላይ እንደሚዞር በመስመር ተሰምሮ መታየት አለበት። ተገቢ ጥያቄ ነው። በዚያው ግቢ ውስጥ በሰኔ ቀትር ላይ ሰው እንዴት ሊቆም እንደሚችል ግን እንደ ቁም ነገር የሚያነሣው የለም። ዲዛይኑ ላይ አረንጓዴ ክብ ክብ ነገር ቢሳልም ለወረቀቱ ማሳመሪያ ነው። ሕንፃው ተጠናቆ ክቦቹ የተሳሉበት ቦታ ንጣፍ ሆኖ ሲገኝ ቅር የሚለው ሰው እምብዛም ነው።

ነገሩን በቸልተኝነት ብቻ ማሳበብ አይቻልም። ከኋላው ሥር የሰደደ አመለካከት አለ፤ ዛፍ የመናፈሻ ነው፣ ፓርኪንግ የመኪና ነው የሚል። ቦታው ውድ ነው፣ ውሃው ጥቂት ነው፣ ሥሩ ንጣፍ ይገለብጣል፣ ቅጠሉና የወፉ ኩስ መኪና ያቆሽሻል ይባላል። እንዲህ የሚሉት ዛፍ የሚጠሉ ሰዎች አይደሉም። ክረምት ሲገባ ከመሥሪያ ቤታቸው ጋር ችግኝ ይዘው ወደ ተራራ የሚወጡ፣ ብዙዎቹም ከልባቸው የሚተክሉ መሐንዲሶች፣ ባለሀብቶችና ኃላፊዎች ናቸው። ዛፉን የሚፈልጉት ግን ከከተማው ውጭ ወይም በአጥር በተከለለ መናፈሻ ውስጥ ነው። ሰው ከመኪና ወርዶ በእግሩ የሚሄድበት፣ ባጃጅ ተራ የሚጠብቅበት፣ አስታማሚ የሚቆምበት ቦታ ላይ ሲሆን ቅንጦት ይመስላቸዋል።

ይህ አመለካከት ስሕተት ነው፤ ድሬዳዋ ላይ ሲሆን ደግሞ ሰውን የሚጎዳ ስሕተት ነው። ጥላ በዚህ ከተማ እንደ መንገድ፣ እንደ ፍሳሽ ቦይ፣ እንደ መብራት ሊቆጠር የሚገባው መሠረተ ልማት ነው። ስለዚህ ከተማ አስተዳደሩ ዛፍ የሌለው ማቆሚያ እንዳይፈቀድ የሚያስገድድ ደንብ ማውጣት አለበት። ደንቡም የተተከለውን ችግኝ ቆጥሮ የሚያበቃ ሳይሆን ከዓመታት በኋላ መሬት ላይ ያረፈውን ጥላ የሚለካ መሆን አለበት። ክርክሬ ይኸው ነው።

ከተማዋ ራሷ ትመሰክርልኛለች። ከጂቡቲ የተነሣው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣቱ ከባድ ሆኖ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ሲቀር ድሬዳዋ ተቆረቆረች። የባቡር ኩባንያው ከዚራ የተባለውን ሰፈር ቀጥ ባሉ መንገዶች ሸንሽኖ ሲያቅድ በመንገዶቹ ግራና ቀኝ ዛፍ አሰለፈ። ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ በተቀመጠች፣ በሞቃታማ ወራት ቀኑ ከ35 ዲግሪ በላይ በሚሞቅባት ቆላ ላይ ያለ ጥላ ሥራ እንደማይሠራ ገብቷቸው ነበር። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው የመጋላ ሰፈር ደግሞ በሌላ ጥበብ ሄደ፤ መንገዱን አጥብቦ ግድግዳውን አጠጋግቶ ጥላን ከቤቶቹ አገኘ። ሁለቱ አሮጌ የከተማው ክፍሎች በብዙ ነገር ቢለያዩም ፀሐይን የሚከላከሉበት ብልሃት ነበራቸው።

አሁን የሚስፋፋው ከተማ ከሁለቱም አልወረሰም። መንገዱ እንደ ከዚራ ሰፊ ነው፤ ዛፉ ግን የለም። ሕንፃው ከመጋላው በብዙ እጥፍ ይረዝማል፤ ነገር ግን ከመንገዱ ፈቀቅ ብሎ ስለሚሠራ ከፊቱ የሚዘረጋው ንጣፍ ሜዳ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይጠጣል። ያ ሜዳ ማቆሚያው ነው። ከዚራ ያኔ የተጠለለችው በአመዛኙ ለኩባንያው ሰዎችና ለውጭ አገር ነዋሪዎች እንደነበረ አልክድም። ለጥቂቶች የተደረገውን ለሁሉም ማዳረስ የኛ ዘመን ሥራ ሆኖ ሳለ ለማንም እንዳይደረግ ማድረጋችን ነው የሚያሳዝነኝ።

ማቆሚያን የመኪና ብቻ አድርጎ የሚያየው ሰው ቦታው ላይ ማን እንደሚውል አላስተዋለም። ባለመኪናው አቁሞ ይሄዳል፤ ሲመለስ ኤሲውን ይከፍታል። እዚያው የሚውሉት ሌሎች ናቸው። ቲኬት የሚቆርጡት የፓርኪንግ ወጣቶች፣ ጥበቃው፣ ሎተሪ አዟሪው፣ ሻይ የምታፈላው እናት፣ ሆስፒታል ውስጥ ዘመድ አስገብቶ ውጤት የሚጠብቀው የገጠር ሰው። ባጃጅ ነጂውም አለ፤ ከላይ ሸራ ብቻ፣ ከታች ሞተር። ድሬዳዋ ላይ ባጃጆች የት እንደሚሰለፉ ልብ ብሎ ያየ ሰው ተራው ብዙ ጊዜ የሚያዘው ምልክቱ በተተከለበት ሳይሆን የኒም ዛፍ ባለበት እንደሆነ ያውቃል። በደወሌ በኩል ከጂቡቲ የሚገባውን ጭነት የሚያመላልሱት ሹፌርና ረዳቶችም ማቆሚያው ባዶ ሲሆንባቸው ከተሳቢው ሥር ምንጣፍ አንጥፈው ይተኛሉ። ጎማ መሐል፣ ዘይት የሚንጠባጠብበት ሥር። ይህ የሚሆነው ከፀሐይ የሚያስጥላቸው ሌላ ነገር ስለሌለ ነው።

ለመኪናው ብቻ የሚጨነቅ ሰው ቢሆን እንኳ መልሱ ያው ነው። በካሊፎርኒያ ዴቪስ ከተማ አንድ ማቆሚያ ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ከዛፍ ሥር የቆመ መኪና ውስጡ ፀሐይ ላይ ከቆመው በ26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል እንደሚቀዘቅዝ፣ የነዳጅ ታንከሩም ከ2 እስከ 4 ዲግሪ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ታንከሩ ሲግል ቤንዚን ይተናል፤ የሚተነው ቤንዚን ደግሞ ባለመኪናው የከፈለበት ነው፣ አየሩንም ይበክላል። ዳሽቦርድ የሚሰነጣጥቀው፣ ጎማ የሚያደርቀው፣ ባትሪ የሚገድለው ሙቀት ነው። እንግዲህ መኪናን ከዛፍ የሚከላከለው ክርክር መኪናውን የሚጎዳውን ትቶ የሚታጠበውን ነው የያዘው። የወፍ ኩስ በውሃ ይለቃል።

ስለ ቦታ ጥበት የሚነሣው ክርክር ግን በቁም ነገር መመለስ አለበት፤ መሬት በውድ ጨረታ የገዛ ባለሀብት አንድ የመኪና ቦታ መጥፋቱ ቢያሳስበው አልፈርድበትም። ስለዚህ እንለካ። አንድ የመኪና ቦታ 2.5 ሜትር በ5 ሜትር ይሁን። ሁለት ረድፍ መኪና ፊት ለፊት ሲቆም ጥልቀቱ 10 ሜትር ነው፤ መተላለፊያውን 6 ሜትር ብንለው 16 ሜትር ይሆናል። አሁን መኪናውን እንየው። የፊት ጎማው ባለበትና የመኪናው አፍንጫ ባበቃበት መካከል ከግማሽ ሜትር በላይ አለ። ያ ግማሽ ሜትር አስፋልት ወይም ኮንክሪት ፈስሶበት ጎማ የማይረግጠው መሬት ነው። ፊት ለፊት የሚተያዩት ሁለቱ ረድፎች ከየበኩላቸው ይህን ሲያዋጡ በመካከላቸው ከ1 ሜትር በላይ ስፋት ያለው፣ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ የአፈር መስመር ይገኛል። ጎማውን የሚያቆም ዝቅተኛ ድንጋይ ከተደረገ መኪናው አፍንጫውን በመስመሩ ላይ አሳልፎ ይቆማል። ከመኪና ቁጥር ላይ አንድም አልተቀነሰም።

በዚያ መስመር ላይ በየ7 ሜትር ተኩል አንድ ዛፍ ይተከል። በአንድ ዛፍ ድርሻ ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት፣ በድምሩ 6 መኪና ይቆማል፤ መተላለፊያውን ጨምሮ የሚደርሰው መሬት 120 ካሬ ሜትር ነው። ያደገ ኒም 9 ሜትር ያህል ከዘረጋ ከሥሩ 64 ካሬ ሜትር ጥላ አለ። ከግማሽ በላይ ማለት ነው። በዚህ ስሌት 60 መኪና የሚይዝ ግቢ የሚያስፈልገው 10 ዛፍ ነው። 10 ዛፍ! የአንድ ሕንፃ የመስተዋት ፊት ከሚያስወጣው ገንዘብ ጋር እንኳ ለንጽጽር የማይቀርብ ወጪ ነው። ስለዚህ ቦታ አጣን የሚለው ክርክር ዲዛይኑን በዘልማድ የሠራ ሰው ክርክር ነው፤ መለኪያ ሲመጣ አይቆምም።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ላንሣ። የከተማ ፕላን መርሐችን ከከተማ መሬት 30 በመቶው ለአረንጓዴ፣ 30 በመቶው ለመንገድና መሠረተ ልማት፣ 40 በመቶው ለሕንፃ እንዲውል ይላል። መርሑ መልካም ሆኖ ሳለ ሦስቱን ድርሻዎች እርስ በርስ እንዳይነካኩ አድርገን ስናነበው ጉዳት አለው። አረንጓዴው ለብቻው ይከለላል፤ ሰባው ላይ ፀሐይ ይለቀቃል። ማቆሚያ ላይ የተተከለ ዛፍ መሬቱን ከማንም አይወስድም፤ ከላይ አረንጓዴ፣ ከታች መኪና ነው።

ወደ ውሃው ልምጣ፤ ድሬዳዋ ላይ የሚያሸንፍ የሚመስለው ክርክር ይህ ነውና። ከተማዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ የሳቢያን ጉድጓዶች ሲደክሙ ቧንቧው እንደሚደርቅ የማያውቅ ነዋሪ የለም። ሰው በጄሪካን ተሰልፎ እያለ ዛፍ ይጠጣ ማለት ጭካኔ ይመስላል። ነገር ግን ሰማዩም ይቆጠር። ድሬዳዋ በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ በበልግና በክረምት። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። ቅድም ለአንድ ዛፍ የለካነው 120 ካሬ ሜትር ንጣፍ በዓመት 72,000 ሊትር ውሃ ይወርድበታል ማለት ነው። ለአንድ ለጋ ችግኝ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሃያ ሃያ ሊትር ብናጠጣው በዓመት 2,000 ሊትር ትንሽ ያልፋል። ዛሬ ያ 72,000 ሊትር ምን ይሆናል? ንጣፉ ወደ ውጭ እንዲያዘነብል ተደርጎ ስለሚሠራ ወደ መንገድ ይወጣል፣ ቆሻሻ ይዞ ቦይ ይደፍናል፣ ከዚያ ወደ ወንዙ አሸዋ ይሄዳል። ውሃ የለንም የምንል ሰዎች ውሃውን ከግቢያችን ለማባረር ገንዘብ እያወጣን ነው።

መፍትሔው ውድ ማሽን አይጠይቅም። የዛፉ መስመር ከንጣፉ ዝቅ ይበል፤ የንጣፉ ዝንባሌ ወደ ውጭ መሆኑ ቀርቶ ወደ መስመሩ ይሁን፤ የጠርዙ ድንጋይ በየሁለት ሜትሩ ክፍተት ይኑረው። ዝናቡ ወደ ዛፉ ይገባል፤ ከዛፉ የተረፈው ወደ ምድር ይሰርጋል። የከርሰ ምድር ውሃ የሚጠጣ ከተማ ይህን ሳያደርግ መቅረቱ የራሱን ጉድጓድ ከላይ መክደን ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት በጋዎች በእጅ ማጠጣት ያስፈልጋል፤ ለቆላ የተፈጠረ ዛፍ ሥሩን ካወረደ በኋላ ግን ልመናው ያበቃል። በከዚራ ጎዳናዎች ላይ ያሉት አሮጌ ዛፎች በየቀኑ ባልዲ የሚጠብቁ አይደሉም። የጭነት መኪና በሚያድርበት ቦታ ዘይትና ናፍጣ ወደ አፈር እንዳይገባ ውሃው አስቀድሞ በዘይት ማጥለያ ጉድጓድ ማለፍ አለበት፤ ይህን የምጠቅሰው ጥላውን ፈልገን ጉድጓዳችንን እንዳንበክል ነው።

ጎርፍ ሲነሣ ስለ ዛፍ የማይገባ ተስፋ ሲሰጥ ስለምሰማ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን የወሰደው ጎርፍ የመጣው ከደንገጎ ወገን ካለው ተራራ ነው። የፓርኪንግ ዛፍ ያንን አያቆምም፤ ያንን የሚያቆመው የተራራው ልብስ መመለስና የወንዙ መንገድ ከሰፈራ መጠበቅ ነው። በከተማው ውስጥ አንድ ሰዓት ዘንቦ መንገድ የሚያጥለቀልቀው ውሃ ግን ከእያንዳንዱ ጣሪያና ከእያንዳንዱ ንጣፍ ግቢ የተዋጣ ነው፤ እሱን በየግቢው ማስቀረት ይቻላል።

ሥር ንጣፍ ይገለብጣል የሚለው እውነት አለው፤ ጥፋቱ ግን የዛፉ አይደለም። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ጉድጓድ፣ ዙሪያውን በኮንክሪት የታሰረ፣ ከታች በሮለር የተደቀደቀ ጠጠር፤ በዚህ ውስጥ የገባ ዛፍ አየርና ውሃ ፍለጋ ወደ ላይ ከመውጣት ሌላ ምርጫ የለውም። ተከታታይና አንድ ሜትር የጠለቀ የላላ አፈር ያገኘ ሥር ወደ ታችና ወደ ጎን ይሄዳል። የዛፍ ምርጫም አለ። ስሙን ከከተማችን የወሰደውን፣ ሲያብብ እሳት የሚመስለውን የድሬዳዋ ዛፍ እንደማንኛውም የአገሩ ሰው እወደዋለሁ፤ ለማቆሚያ ግን አልመርጠውም። ሥሩ ከላይ ከላይ ይሄዳል፣ ቅርንጫፉ በነፋስ ይሰበራል፣ በበጋ ጥላው በሚፈለግበት ሰዓት ቅጠሉን ያራግፋል። ሰፊ አደባባይና መናፈሻ ይገባዋል። ለማቆሚያው ኒም አለ፤ ቶሎ ያድጋል፣ ድርቅ ይችላል፣ ዓመቱን በአብዛኛው ለምለም ነው። ሮቃ አለ፤ በዝግታ ቢያድግም ነፋስ የማይጥለው፣ ጥላው ድቅድቅ ያለ የቆላ ዛፍ ነው፤ ፍሬው ይረግፋል፣ ስለዚህ በጠርዝ በኩል፣ ሰው በሚቀመጥበት ወገን ይተከል። ቁርቁራ አለ። ለትልልቅ የጭነት መኪና ግቢዎች ጥግ ደግሞ ሾላ። አንዱን ብቻ መርጦ ከተማውን በእሱ መሙላት ግን አደጋ አለው፤ አንድ በሽታ ወይም አንድ ነፍሳት ሲመጣ ሁሉም አብሮ ይሄዳል። ፕሮሶፒስ ደግሞ በምንም ምክንያት አይግባ። ድርቅ ይችላል ተብሎ ገብቶ በአፋርና በድሬዳዋ ዙሪያ ግጦሹን ምን እንዳደረገው አርብቶ አደሩን መጠየቅ ይበቃል።

አሁን ደግሞ ዘንባባው። አዲስ አበባ ላይ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ሌሎች ከተሞች ሲሰፋ ድሬዳዋም ደርሷታል። የእግረኛ መንገድ መስፋቱን፣ መብራት መግባቱን፣ የቆሸሸው መጽዳቱን አልቃወምም፤ ያስደስተኛል። ከልማቱ ጋር የመጣው የዘንባባ ፋሽን ግን ለቆላ ከተማ አይበጅም። ቁመቱ ያምራል፣ በቪዲዮ ላይ ወዲያው ይታያል፣ አድጎ መጥቶ በአንድ ሌሊት ይተከላል፤ ከሥሩ ግን የሚያርፈው ጥላ አንድ ሰው በቅጡ አያስጥልም፤ እሱም ከግንዱ ርቆ ይወድቃል። ሙቀቱ ለስላሳ በሆነበት አዲስ አበባ ይህ የውበት ምርጫ ሊሆን ይችላል። ድሬዳዋ ላይ የሰው ጤና ጉዳይ ነው። ስለዚህ በምጠይቀው ደንብ ውስጥ ዘንባባ መትከል አይከለከል፤ እንደ ጥላ ዛፍ ግን አይቆጠር። ሣርም እንደዚያው ነው። ውሃ ከሚጠጡት ሁሉ ጥላ ሳይሰጥ የሚጠጣው እሱ ነው።

የቆርቆሮ ዳስ ይበቃል የሚሉም አሉ። ለፀሐይ ኃይል ማመንጫ የሚሆን ጥላ ከሆነ በደስታ እቀበላለሁ፤ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣችው ሕግ ከ1,500 ካሬ ሜትር በላይ የሆኑ ማቆሚያዎች ቢያንስ ግማሻቸው በሶላር ዳስ እንዲሸፈን አስገድዳለች። ተሳቢ የሚዞርባቸው የኢንዱስትሪ ግቢዎች ላይ ይህ ከዛፍ ጎን ሊሠራ ይችላል። ባዶ ቆርቆሮ ግን ፀሐይዋን ጋርዶ ሙቀቷን ወደ ታች ይልካል፤ ከሥሩ የቆመ ሰው ራሱ ላይ ምጣድ የተደፋበት ያህል ይሰማዋል። ዛፍ በቅጠሉ ውሃ ስለሚያተንን አየሩን ያቀዘቅዛል፤ ይህን ቆርቆሮ አይሠራውም።

እስካሁን ከተቃዋሚዎች ጋር ነበርኩ። የሚያስፈራኝ ግን ከነሱ ይልቅ ሐሳቡን ቶሎ ተቀብለው ቶሎ የሚያበላሹት ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ከተነገረ ወዲህ ችግኝ መቁጠር ለምደናል። ሰውን ለማነሣሣት ቁጥር ጠቅሟል፤ ይህን አልክድም። ለማቆሚያ ግን ቁጥር አታላይ ነው። ባለሕንፃው 10 ችግኝ ተከልኩ ብሎ ፎቶ አንሥቶ ፈቃዱን ይወስዳል፤ በሁለተኛው በጋ ስምንቱ ደርቀዋል፤ የቀሩት ሁለቱ ማስታወቂያ ሰሌዳውን ጋረዱ ተብለው አናታቸው ይቆረጣል። ደንቡ ተከብሯል፣ ጥላ ግን የለም።

ይህ የኛ ብቻ ድካም አይደለም። የካሊፎርኒያ ዋና ከተማ ሳክራሜንቶ እ.ኤ.አ. በ1983 ማቆሚያዎች በ15 ዓመት ውስጥ ግማሽ መሬታቸው በጥላ እንዲሸፈን የሚያስገድድ ደንብ አወጣች። በዓለም ላይ በዚህ ጉዳይ ቀድመው ከሄዱት አንዷ ናት። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት በከተማዋ 15 ማቆሚያዎችን ሲለካ ያገኘው ጥላ ግን 14 በመቶ ብቻ ነበር፤ ከዚያም ላይ ግማሽ የሚጠጋው የተገነባ ዳስ እንጂ የዛፍ አልነበረም። ያው ጥናት ሌላም ነገር አገኘ፤ ማቆሚያዎቹ በተጨናነቁበት ሰዓት እንኳ 36 በመቶው የመኪና ቦታ ባዶ ነበር። ለዛፍ ቦታ የለም ሲባል የነበረው ባዶ ቦታ እየተቃጠለ ነበር ማለት ነው። አንዳንዱ ይህን ሰምቶ ደንብ አይሠራም ይላል። እኔ የማነበው ሌላ ነው፤ የተተከለውን አይቶ ዘወር የሚል ደንብ አይሠራም፤ ቆይቶ ተመልሶ የሚለካ ደንብ ያስፈልጋል። ሀብታምና ባለሙያ የሞላበት ከተማ ያልተሳካለት እዚህ ላይ ከሆነ እኛ ከመጀመሪያው እዚህ ላይ ልንጠነክር ይገባል።

መያዣውም በእጃችን አለ። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ምድብ «ሐ» ያላቸው ሕንፃዎች፣ ማለትም የሕዝብ መገልገያዎች፣ ፋብሪካዎችና ቁመታቸው ከ12 ሜትር በላይ የሆኑት፣ አገልግሎት ከመጀመራቸው በፊት የመጠቀሚያ ፈቃድ እንዲያወጡ ደንግጓል። ትልልቆቹ ማቆሚያዎች ያሉት በነዚሁ ግቢዎች ነው። ፈቃዱ ሲጠየቅ የአፈሩ መስመር ስፋትና ጥልቀት በሜትር ይለካ፤ ከንጣፉ ዝቅ ማለቱ፣ ዛፉ ቢያንስ የሰው ቁመት ያህል ሆኖ መተከሉ ይታይ። ባለሕንፃው ለዛፎቹ የተወሰነ ገንዘብ በዋስትና ያሲዝ። በሦስተኛው ዓመት ዛፎቹ ቆመው ከተገኙ ግማሹ ይመለስለት፤ በአሥረኛው ዓመት በሰኔ ቀትር ላይ የሚለካው ጥላ የመሬቱን ግማሽ ከያዘ ቀሪው። ካልያዘ ገንዘቡ ለዚያው ግቢ ዛፍ ይዋል። ቅጣት ብቻ ቢሆን ባለሀብቱ ከፍሎ ይገላገላል፤ የራሱ ገንዘብ ከዛፉ ጋር ሲታሰር ግን ዘበኛው ሳይቀር ያጠጣል። አናት መቁረጥ ይከልከል፤ መኪና እንዲያልፍ የታችኛውን ቅርንጫፍ ማንሣት በቂ ነው።

ችግኝ ጣቢያዎቹም ሥራቸውን መለወጥ አለባቸው። ለተራራ የሚሄደው በትንሽ ላስቲክ ያደገ የስንዝር ችግኝ ለማቆሚያ አይሆንም፤ መኪና ይሄድበታል፣ ፍየል ይበላዋል። ሁለትና ሦስት ዓመት በትልቅ ማሳደጊያ የቆየ፣ ግንዱ የጠና ኒምና ሮቃ ያስፈልጋል። ደንቡ ሲወጣ ገበያ ይፈጠርለታል፤ ለወጣቶች ማኅበራትም ከቲኬት ቆረጣ የተሻለ ሥራ ይሆናል። እንዲያውም ማቆሚያውን የሚያስተዳድሩት ማኅበራት ዛፉን የማጠጣት ግዴታ በውላቸው ውስጥ ቢገባና የሚከፍሉት ኪራይ በዚያው ልክ ቢቀነስላቸው፣ ከጥላው የመጀመሪያ ተጠቃሚዎቹ እነሱው ናቸውና፣ ከየትኛውም ተቆጣጣሪ ይልቅ ይጠብቁታል።

የተሠሩት ነባር ማቆሚያዎች ምን ይሁኑ ለሚለው፣ አንድ ጊዜ ሁሉንም ማፍረስ አያስፈልግም። ንጣፋቸው ለጥገና ሲነሣ ወይም ሕንፃው ፈቃድ ሲያሳድስ መስመሩ ይገባበት። አስተዳደሩ ግን የሌላውን ሰው ግቢ ከማስገደዱ በፊት በራሱ ይጀምር። የቀበሌ ጽሕፈት ቤቶች፣ ሰው ቀኑን ሙሉ ተራ የሚጠብቅባቸው የመንግሥት ቢሮዎች፣ የጤና ተቋማት፣ መናኸሪያው፣ እነዚህ ሁሉ ማንንም ሳያስፈቅድ ሊነካቸው የሚችላቸው ግቢዎች ናቸው። በግንቦት ንጣፉ ይነሣ፤ መስመሩ አንድ ሜትር ይቆፈር፤ የክረምቱ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ዛፉ መሬት ይያዝ። ከዚያ በኋላ ባለሀብቱን ዋስትና አስይዝ ቢለው የሚከራከርበት አፍ አይኖረውም።